ፊልሙ ንጹህ ነው፤ ደሙስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አጎቴ ጠዋት ከአልጋው ሊነሳ ሲል ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ምላሱም ተሳሰረ። «ብርድ ይሆናል» አለ አንዱ፤ «ምች ነው» አለች ሌላዋ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ዳማከሴ ተጨመቀ፣ መኪና እስኪገኝ ተጠበቀ። ሆስፒታል ስንደርስ ረፋዱ አልፎ ነበር። ሲቲ ስካን ተነሳ። ሐኪሟ ፊልሙን አየችና «የፈሰሰ ደም አይታይም» አለችን።

ያለችው ይህን ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ የቆምነው ቤተሰቦች የሰማነው ግን ሌላ ነበር። «ሲቲው ንጹህ ነው!» ተባባልን። አክስቴ መሬት ስማ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ውጭ አገር ላሉት ዘመዶች ደውዬ «አይዟችሁ፣ አንጎሉ ምንም የለበትም» ያልኩት እኔው ነኝ። በማግስቱ በተነሳው ሁለተኛ ፊልም ላይ የአንጎሉ ግራ ክፍል ሰፋ ብሎ ጠቁሮ ታየ።

ሐኪሟ አልተሳሳተችም። ስትሮክ በሁለት መንገድ ይመጣል፤ ወይ የደም ሥር ይፈነዳል፣ ወይ ይዘጋል። የመጀመሪያው ሲቲ ዋና ሥራ ፍንዳታውን መለየት ነው፤ ምክንያቱም የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ደም ለሚፈሰው ሰው ቢሰጥ ይገድላል። የደም ሥር መዘጋት ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በተራ ሲቲ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ቢታይም ልምድ ያለው ዓይን የሚይዘው ፍንጭ ብቻ ነው። ተራ ሲቲ የሚያሳየው ቅርጽን ነው። ውኃ የተቋረጠበት ቤት በዚያው ቀን ግድግዳው አይፈርስም። ከውጭ ሆኖ ፎቶ ያነሳው ሰው «ቤቱ ደህና ነው» ቢል አይፈረድበትም። ቧንቧውን የከፈተው ግን እውነቱን ያውቀዋል።

ያን ቀን ያልገባኝ ይህ ነበር። የአንጎልን ቅርጽ ማየት አንድ ነገር ነው፤ በአንጎል ውስጥ የሚሄደውን ደም ማየት ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ዛሬ የማወጋችሁ የእሱን ታሪክ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ጣሊያን፣ ቱሪን ላይ ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ አንጄሎ ሞሶ የሚባል የፊዚዮሎጂ ሊቅ የራስ ቅላቸው በአደጋ የተሰበረ፣ አጥንቱም ክፍት ሆኖ የቀረባቸውን ሰዎች ያጠና ነበር። በክፍቱ ቦታ ላይ አንጎል ከልብ ምት ጋር ሲነሳና ሲወድቅ ይታያል። ሞሶ ይህን እንቅስቃሴ ወረቀት ላይ በመስመር የሚጽፍ መሣሪያ አበጀ። ከታማሚዎቹ አንዱ በርቲኖ የሚባል ገበሬ ነበር። ሞሶ «8 ጊዜ 12 ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀው። በርቲኖ ማስላት ሲጀምር መስመሩ ከፍ አለ። የክንዱ የደም ምት ግን እንደነበረው ነው። አንድ ሰው ስላሰበ ብቻ ወደ ጭንቅላቱ የሚሄደው ደም ተለወጠ ማለት ነው።

ሞሶ በዚህ አላበቃም። ሰው የሚጋደምበት፣ እንደ ሚዛን የሚወዛወዝ አልጋ ሠራ። የተጋደመው ሰው በሐሳብ ሲጠመድ ደም ወደ ራሱ ስለሚሄድ በራሱ በኩል ዘንበል ይላል ብሎ ነው። ዛሬ ፈገግ ያሰኛል። ግን ልብ በሉ፤ ቀጥሎ የመጡት መሣሪያዎች በሙሉ፣ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጡትም ጭምር፣ መልስ የሚፈልጉት የሞሶን ጥያቄ ነው። ደሙ የት ሄደ?

በ1895 ራጅ ተገኘ፤ አጥንት ታየ። ደም ግን ለራጅ እንደ ሥጋ ነው፣ አይለይም። የራስ ቅል ራጅ ውስጡን ደብቆ ቅርፊቱን ብቻ ያሳያል። ይህን የሰበረው የሊዝበኑ የነርቭ ሐኪም ኤጋስ ሞኒዝ ነው። ሞኒዝ ሐኪም ብቻ አልነበረም። ፖለቲከኛ ነበር፣ የፖርቱጋል ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም ሆኖ ሠርቷል። ጣቶቹ በሪህ የተጎዱ ስለነበሩ መርፌውን የሚይዝለት ወጣቱ ረዳቱ አልሜይዳ ሊማ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ራጅ የማያሳልፍ ፈሳሽ በአንገት የደም ሥር ብንረጭ፣ ፈሳሹ በአንጎል ውስጥ ሲያልፍ ራጅ ብናነሳ፣ የደም ሥሮቹ ዛፍ መስለው ይወጣሉ።

ሐሳቡ ቀላል ይሁን እንጂ ዋጋው ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ የሞከሩት ስትሮንቲየም ብሮማይድ ነው። ከታማሚዎቹ አንዱ ሞተ። ሥራው ለጊዜው ቆመ። ቀጥለው ወደ ሶዲየም አዮዳይድ ዞሩ፤ ሰኔ 28 ቀን 1927 የአንድ ሕያው ሰው የአንጎል ደም ሥሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ፊልም ላይ ወጡ። አዮዲንን ያዙልኝ፤ መጨረሻው ላይ ተመልሶ ይመጣል።

የዚህን ሰው ታሪክ ስናነብ ሁለት ነገር አብሮ መነሳት አለበት። አንደኛ፣ አዮዳይዱ የሚያም ስለነበር ከ1931 ጀምሮ ቶሮትራስት ወደሚባል ፈሳሽ ተሻገረ። ቶሮትራስት አያምም፣ ምስሉም እጅግ ያማረ ነው። በውስጡ ያለው ግን ቶሪየም ነው፤ ጨረር የሚረጭ ንጥረ ነገር። ሰውነት አያስወጣውም፤ ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ተቀምጦ ዕድሜ ልክ ጨረሩን ይረጫል። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያ ውብ ፊልም የተነሳላቸው ሰዎች በጉበት ካንሰር ሲታመሙ ምክንያቱ ተገለጠ። ሁለተኛ፣ ሞኒዝ በ1949 ኖቤል ተሸለመ፤ የተሸለመው ግን ለደም ሥሮቹ ምስል አይደለም። የአንጎል የፊት ክፍል ግንኙነቶችን በቢላ በመቁረጥ የአእምሮ ሕመምን ለማከም ላቀደው ቀዶ ጥገና ነው። ያ ቀዶ ጥገና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሰብእና አበላሽቶ በኀፍረት ተትቷል። የደም ሥሮቹ ምስል ግን እስከ ዛሬ ሕይወት ያድናል። ሽልማት የሚሰጡ ሰዎችም እንደማንኛችን ናቸው።

የሞኒዝ ፊልም መንገዱን ያሳያል፤ በመንገዱ ላይ ስንት መኪና እንደሚያልፍ ግን አይቆጥርም። ቆጠራውን ያመጣው አሜሪካዊው ሲይመር ኬቲ ነው። ፊላዴልፊያ ውስጥ ከካርል ሽሚት ጋር በ1940ዎቹ ያወጣው ዘዴ ምንም ሥዕል የለውም። ሰውየው በጣም የሳሳ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ማለትም የጥርስ ሐኪሞች «የሳቅ ጋዝ»፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይተነፍሳል። ወደ አንጎል ከሚገባው ደምና ከአንጎል ከሚወጣው ደም ናሙና ይወሰዳል። በሁለቱ መካከል ካለው ልዩነት አንጎል ምን ያህል ደም እንደተቀበለ ይሰላል። ለእያንዳንዱ 100 ግራም አንጎል በደቂቃ ከ50 ሚሊ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ደም ይሄዳል። ለሙሉ አንጎል በደቂቃ ሦስት ሩብ ሊትር አካባቢ ነው። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ብቻ የሆነው ይህ አካል ከምንተነፍሰው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይበላል።

ከዚያ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር መጣ። በ1955 ኬቲና ባልደረቦቹ የሞሶን ጥያቄ ደገሙት፤ ሰዎችን የቃል ሒሳብ አሠሯቸው። የአንጎል ጠቅላላ የደም መጠን አልተለወጠም! ታዲያ በርቲኖ ምን ሆኖ ነበር? መልሱ ያለው «ጠቅላላ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ሰው ሲያስብ ደሙ በአንዱ ሰፈር ይጨምራል እንጂ ከተማው በሙሉ አይጥለቀለቅም። የአገሪቱን አማካይ ዝናብ ብትነግሩኝ የቦረናን ድርቅ አልሰማም። ስለዚህ ሰፈር በሰፈር መለካት ግድ ሆነ፤ ኮምፒውተር የገባውም እዚህ ላይ ነው።

የኮፐንሃገኑ ኒልስ ላሰንና የስዊድን ሉንዱ ዳቪድ ኢንግቫር በ1960ዎቹ መባቻ ክሪፕተን፣ ቀጥሎም ዜኖን የተባሉ ጨረር ያላቸው ጋዞች በፈሳሽ አሟሟተው በአንገት የደም ሥር በኩል ወደ አንጎል መላክ ጀመሩ። ጨረሩ ቶሎ ታጥቦ ከሄደ እዚያ ሰፈር ደም በደንብ ይፈስሳል፤ ከዘገየ ፍሰቱ ደካማ ነው። በ1970ዎቹ በጭንቅላት አንድ ጎን ላይ የሚደገኑት የጨረር ቆጣሪዎች 254 ደረሱ። 254 ቆጣሪ የሚያወጣውን ቁጥር ሰው አንብቦ አይጨርሰውም። ኮምፒውተር አስልቶ በባለቀለም ቴሌቪዥን ላይ ካርታ አደረገው። ታማሚው ሲናገር አንድ ቦታ ይደምቃል፣ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ሌላ፣ ሲያዳምጥ ደግሞ ሌላ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። አንጎል ውስጥ ቀይና ሰማያዊ የለም። ቁጥር አለ፤ ቀለሙን የመረጠው ሰው ነው። «ከዚህ በላይ ቀይ ይሁን» ብሎ ድንበሩን ያሰመረውም ሰው ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የምናያቸው የአንጎል ምስሎች በሙሉ እንደ ፎቶግራፍ ሳይሆን እንደ ካርታ መነበብ አለባቸው። ካርታ ጠቃሚ ነው፤ ግን ሠሪ አለው።

የሚገርመው ነገር፣ ደምን የሚያሳየው ካርታ ገና በጥቂት ቤተ ሙከራዎች ተወስኖ ሳለ ቅርጽን የሚያሳየው መሣሪያ ቀድሞት ዓለምን አዳረሰ። ጥቅምት 1 ቀን 1971 ለንደን፣ ዊምብልደን በሚገኘው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል አንዲት የአንጎል እጢ የተጠረጠረባት ሴት የመጀመሪያው የሲቲ ስካን ታካሚ ሆነች። ፈጣሪው ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የኢ.ኤም.አይ መሐንዲስ ነበር። ኢ.ኤም.አይ የቢትልስን ሸክላ ያሳተመው ኩባንያ ነው፤ «ሲቲ ስካንን የሠራው የቢትልስ ገንዘብ ነው» የሚባለው ጨዋታም ከዚያ የመጣ ነው። ጨዋታው ይጣፍጣል፤ ግን የእንግሊዝ ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያወጣው ገንዘብ ቀላል አልነበረም። ከመሣሪያው የተገኘው ቁጥር በማግኔት ክር ተቀድቶ ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ተወሰደ። የመጣው ምስል 80 በ80 ቁራጭ ብቻ ነው፤ ዛሬ ከስልካችሁ ላይ አንድ ትንሽ ምልክት ከዚያ ይበልጣል። እጢው ግን ታየ።

የዚህ ታሪክ ሌላኛው ጫፍ አፍሪካ ውስጥ ነው። የደቡብ አፍሪካው የፊዚክስ ሊቅ አለን ኮርማክ በ1950ዎቹ ኬፕታውን በሚገኘው ግሩት ሹር ሆስፒታል የጨረር ሥራ ሲቆጣጠር ሳለ ይኸው ችግር ገጠመው። ከብዙ አቅጣጫ የተነሳ ራጅን በሒሳብ ወደ ውስጣዊ ምስል መመለስ ይቻላል? በ1963 እና በ1964 ስሌቱን አሳተመ። የሰማው ሰው የለም ማለት ይቻላል። በ1979 ግን እሱና ሃውንስፊልድ ኖቤሉን ተካፈሉ።

ሲቲ ዓለምን ሲያዳርስ «አንጎልን አየን» አልን። ያየነው ግድግዳውን ነበር። አሜሪካዊው ሊዮን አክስል በ1980 «አዮዲን በመርፌ እየሰጠን ያንኑ የአንጎል ቁራጭ በየሰከንዱ ደጋግመን ብናነሳ የደሙን ፍሰት ማስላት እንችላለን» ብሎ ጻፈ። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ የዘመኑ መሣሪያዎች ግን ፍጥነቱ አልነበራቸውም። ሐሳቡ ፈጣን ሲቲዎች እስኪመጡ ድረስ ለዓመታት ተቀመጠ።

በመሃል ኤምአርአይ መጣ። ጃፓናዊው ሴይጂ ኦጋዋ በአሜሪካ ቤል ቤተ ሙከራ በ1990 ባወጣው ሥራ ኦክስጅኑን ያስረከበ ደም በማግኔት ፊት ጠባዩ ስለሚለይ ያለ መርፌ፣ ያለ ጨረር መታየት እንደሚችል በአይጥ አንጎል አሳየ። በሁለት ዓመት ውስጥ በሰው ላይ ተሠራበት። ጋዜጦች የሚያወጡት «የፍቅር ቦታ»፣ «የውሸት ቦታ» የሚባለው የበራ አንጎል የመጣው ከዚህ ነው። የሚያዩት ሐሳብን አይደለም፤ ከሐሳቡ ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ የሚደርሰውን ደም ነው። አንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን በ2009 የሞተ ሳልሞን ዓሣ መሣሪያው ውስጥ አስገብቶ የሰዎች ፎቶ «አሳየው»። ስሌቱ በግዴለሽነት ሲሠራ የሞተው ዓሣ አንጎል ላይ ቀይ ነጥብ በራ። መቼም ዓሣው አላሰበም። በሺዎች በሚቆጠሩ ነጥቦች ላይ ፈተና ስታደርጉ ጥቂቱ በአጋጣሚ ማለፉ አይቀርም፤ ያንን የሚያርመውን ስሌት መዝለል ምን እንደሚያመጣ ነው ያሳዩት።

ወደ አጎቴ ልመለስ፤ ዋናው ጉዳይ እዚያ ነው።

በ1970ዎቹ ለንደን ውስጥ በዝንጀሮዎች ላይ በተደረገ ጥናት አንድ ወሳኝ ነገር ታወቀ። ፍሰቱ ከ50 ወርዶ ወደ 20 ሚሊ ሊትር አካባቢ ሲደርስ የአንጎል ሕዋስ ሥራውን ያቆማል፤ ግን አይሞትም። ወደ 10 ሲወርድ መሞት ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ያለው ሕዋስ ዝም ያለ፣ ግን በሕይወት ያለ ነው። ከፀሐይ ግርዶሽ ቃሉን ተውሰው «ከፊል ጥላ» አሉት። እጁ የማይንቀሳቀስ ሰው የእጁ ሕዋስ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ገሚሱ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብሎ ደም እየጠበቀ ይሆናል። ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሕዋስ እንደሚሞት በ2006 ተሰልቷል። ጥላው ወደ ጨለማ የሚቀየርበት ፍጥነት ግን ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ በሁለት ሰዓት ያልቅበታል፤ ሌላው ትናንሽ የጎን ደም ሥሮች ደግፈውት ግማሽ ቀን ይቆያል።

ይህን ልዩነት የሚያሳየው የፍሰት ምስል ነው። አዮዲን በክንድ ይሰጣል፤ ሲቲው ጭንቅላቱን ለአንድ ደቂቃ ያህል ደጋግሞ ያነሳል። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ትንሽ ነጥብ «አዮዲኑ መቼ ደረሰ? ምን ያህል መጣ? መቼ ወጣ?» ብሎ ያሰላል። ፍሰቱ ከጤናማው ከ30 በመቶ በታች የወረደበት እንደ ሞተ ይቆጠራል። አዮዲኑ ከስድስት ሰከንድ በላይ ዘግይቶ የሚደርስበት ደግሞ አደጋ ላይ ያለ ነው። ሁለቱ ካርታዎች ሲነጻጸሩ መካከል ላይ የሚቀረው ሊድን የሚችለው ሰፈር ነው።

ይህ የቤተ ሙከራ ቅንጦት እንዳልሆነ የታየው በ2018 በታተሙ ሁለት ጥናቶች ነው። ከ1995 ጀምሮ ሕክምናው በሰዓት ይመራ ነበር፤ ለሚያሟሟው መድኃኒት መጀመሪያ 3 ሰዓት፣ በኋላ 4 ሰዓት ተኩል። የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ጎትቶ ለማውጣት ደግሞ 6 ሰዓት። ከዚያ ያለፈው «ዘግይታችኋል» ይባል ነበር። ዶውን የተባለው ጥናት ከ6 እስከ 24 ሰዓት የቆዩ ሰዎችን፣ ዲፊዩዝ 3 የተባለው ደግሞ ከ6 እስከ 16 ሰዓት የቆዩትን ወሰደ። ሁሉንም ግን አይደለም፤ ሶፍትዌር ባሰላው ምስል ገና የሚድን አንጎል እንዳላቸው የታየውን ብቻ ነው። በዶውን ደሙ ከተጎተተላቸው 49 በመቶው ከሦስት ወር በኋላ ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ነበር፤ ካልተጎተተላቸው 13 በመቶው ብቻ። በዲፊዩዝ 3 ደግሞ 45 ለ17። በሕክምና ጥናት ዓለም እንዲህ ያለ ልዩነት በየዓመቱ አይታይም። ብዙዎቹ እንደ አጎቴ ተኝተው ያደሩና ጠዋት ሲነቁ አካላቸው የከዳቸው ሰዎች ነበሩ።

ይህን ስጽፍ ለማሽን የምዘምር እንዳይመስልባችሁ። በ2009 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የፍሰት ሲቲውን አስተካክሎ ሲሞላ በተፈጠረ ስህተት ከ200 በላይ ሰዎች ከታሰበው ስምንት እጥፍ ገደማ ጨረር ተቀበሉ። ለወራት ማንም አላወቀም፤ ነገሩ የታወቀው ከታካሚ ፀጉር መርገፍ በኋላ ነው። ምስሉማ ያማረ ነበር፤ እንደ ቶሮትራስት። ሌላም አለ፤ ካርታው ብቻውን የረጋ ደም አያወጣም። ቱቦውን ይዞ የሚገባ የሠለጠነ እጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆነ ክፍልና መብራት ከሌለ ካርታው የሚነግረን ምን እያጣን እንደሆነ ብቻ ነው። አንድ ሲቲ ስካን ሲመረቅ ሪባን ሲቆረጥ አይተን ስናጨበጭብ እኔ አሁን የምጠይቀው ይህንን ነው፤ ግድግዳውን ብቻ ነው የሚያሳየው ወይስ ውኃውንም? ውኃው ተቋርጦ ቢገኝስ ቧንቧውን የሚከፍት ማን አለ?

አጎቴ ዛሬ በከዘራ ይሄዳል። ንግግሩ ግማሹ ተመልሷል፤ ስም ሲጠፋበት ይናደዳል፣ ከዚያ ይስቃል። የእሱን የመጀመሪያ ፊልም በቡናማው ፖስታ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። ያን ቀን ሐኪሟ ፊልሙን ከማየቷ በፊት አንድ ነገር ጠይቃን ነበር፤ «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ ያያችሁት በስንት ሰዓት ነው?» አክስቴ «ማታ ሦስት ሰዓት፣ ዜና ሲያይ» አለች። ልጁ «ኧረ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ውኃ ሊጠጣ ተነስቶ አናግሮኛል» አለ። ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ መከራከር ጀመሩ፤ ሐኪሟም እስክሪብቶዋን እንደያዘች ትጠብቃቸው ነበር።